ከደጃፍ እስከ ደጃፍ

«ለመሆኑ ከወደብ ከተማ እዚህ ድረስ አውሮፕላኑ ምን ያህል ይፈጅበታል?»

ጠያቂው ጎረቤታቸው ፋርማሲስቱ ነበር። ወደ ሰፈሩ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ምን እንደነካካ አላወቀም። ሳሎኑን ሞልቶት የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። የመናኸሪያው ጎሚስታ ሻይ ትን ብሎት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በስተግራ ከተደረደሩት የመናኸሪያ ሰዎች አንዱ አጠገቡ ያለውን በጉልበቱ ነካ አደረገው። በስተቀኝ የተቀመጡት ሁለቱ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች ደግሞ ኮርኒሱን ትኩር ብለው ማየት ጀመሩ።

«አርባ አምስት ደቂቃ» አለች የሟች ልጅ።

«በመኪናስ?»

«ሁለት መቶ ስልሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በአውቶቡስ አራት ሰዓት ከሃያ።»

«ታዲያ ይኼ ምኑ ይነጻጸራል!» አለ ፋርማሲስቱ በቅንነት።

ጎሚስታው አላስቻለውም። «ዶክተር፣ ይቺን ነገር ሰውዬውን በሕይወት ሳሉ ጠይቀዋቸው ቢሆን ኖሮ እስካሁን መልሱ አያልቅልዎትም ነበር።»

የታፈነ ሳቅ በግራው ረድፍ በኩል አለፈ። የሟች ሚስት ከተቀመጠችበት ጥግ ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ አቀረቀረች። ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

የልጅቱ አባት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ላይ አውቶቡስ ነድቷል። የእናቷ ወንድም ደግሞ ወደብ የሚኖር የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ሁለቱ አማቾች በኳስም በፖለቲካም ይስማሙ ነበር፤ አባቷ ምሳ ላይ ሹካውን አስቀምጦ «ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ከሆነ የእኔ አውቶቡስ ያንተን አውሮፕላን ይቀድማል» እስካለበት ቀን ድረስ።

አጎቷ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባቷ ግን አልሳቀም። «ከአውሮፕላኑ ጋር ልሽቀዳደም አላልኩም። አውሮፕላኑማ ወፍ ነው። እኔ የምሽቀዳደመው ከሰልፉ፣ ከሻንጣው፣ ከደረጃው ጋር ነው።»

ተሽቀዳደሙ። ይህ የሆነው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከዚህ ቤት ደጃፍ እኩል ወጥተው ወደብ ላይ፣ አያቷ ቤት ደጃፍ ሊገናኙ ተስማሙ። አያቷ በዚያ ቀን በሩን ቆልፈው ገበያ ወርደው ነበር። አባቷ እንደሚለው፣ ተሳፋሪ አውርዶ፣ ባዶውን አውቶቡስ ሰፈሩ ጥግ አቁሞ አንኳኳ፤ መልስ ሲያጣ ሰዓቱን አየና ለሚያፈሰው ራዲያተር ውሃ ፍለጋ በጓሮ ዞረ። ሲመለስ አጎቷ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«በስምንት ደቂቃ ቀድሜሃለሁ» አለ አባቷ።

«ማን አየህ?» አለ አጎቷ።

ያየ ሰው አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መናኸሪያ ውስጥ የአባቷ ስም «ስምንት ደቂቃ» ሆነ። «ስምንት ደቂቃ መጣ»፣ «ስምንት ደቂቃን ጥሩልኝ»። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ጡረታ ሲወጣ በተደረገለት ግብዣ ላይ ግን ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብሎ «በሥራው ታማኝ፣ በወሬው ዋሾ ለሆነው ሾፌራችን!» እያለ ብርጭቆውን ሲያነሳ፣ አባቷ የራሱን ብርጭቆ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ሲመልስ ልጅቱ አየችው። ግብዣው እስኪያልቅ መልሶ አላነሳውም።

ልጅቱን ውስጧን የሚበላት ግን የሥራ አስኪያጁ ንግግር አልነበረም። የራሷ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ስምሪት ክፍል በተቀጠረች በሁለተኛው ዓመት፣ አውቶቡስ መቼ ተነስቶ መቼ እንደሚገባ ማስላት ሥራዋ ከሆነ በኋላ፣ የዚያን ቀን የበረራና የአውቶቡስ ሰሌዳ ከድሮ ፋይል አስወጥታ አሰላችው። ሁለቴ ደመረች።

«አባዬ፣ በወረቀት አይገጥምም እኮ» አለችው። «እንዲያውም በአሥር ደቂቃ ትዘገያለህ።»

ጫማውን እየጠረገ ነበር። ብሩሹ አልቆመም። «እሺ የኔ ልጅ» ብቻ አለ።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ «አጎትሽን እንዳትቀየሚው። እኔ ግን አልዋሸሁም» አላት። እጁን ይዛ «አውቃለሁ አባዬ» አለችው። አታውቅም ነበር። እሱም እንደማታውቅ የገባው ይመስላታል።

ሳሎኑ ውስጥ የእናቷ ስልክ ጮኸ። እናቷ ጆሮዋ ስለሚከብዳት ሁልጊዜ ድምፁን ለቃ ነው የምታወራው፤ የአጎቷ ሚስት ያለችውን ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ።

«እህቴ፣ ነገ እንመጣለን። ቀብሩ ላይ አለመድረሳችን አንገብግቦናል፤ ምን እናድርግ፣ ግፊቱ ጨምሮበት ሐኪሙ አልለቀው ብሎ ነው። ነገ እሱ በአውሮፕላን ይመጣል። እኔን ታውቂኝ የለ፣ መሬት ካልረገጥኩ ነፍሴ አትረጋም፣ በአንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ነኝ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አብረን ከቤት እንወጣለን።»

ስልኩ ተዘጋ።

«አብረው…» አለ ጎሚስታው ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። «ከአንድ ደጃፍ ወጥተው፣ አንድ ደጃፍ።»

«አንተ ሰውዬ! ለቅሶ ቤት ነው ያለኸው!» አለች እናቷ።

«እኔ ምን አልኩ እትዬ? ስለ መንገድ ነው ያወራሁት።»

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወሬው መናኸሪያ ደርሶ ተመልሷል። የነገውን የአንድ ሰዓት አውቶቡስ የሚያመጣው «ረዳቱ» እንደሆነም ታወቀ። አባቷ ከትኬት ቆራጭነት አንስቶ መሪ ያስጨበጠው ሰው ነው፤ ሾፌር ከሆነ አሥር ዓመት ቢያልፈውም ረዳቱ ከመባል አልዳነም።

ጎሚስታው ወንበሩን እየጎተተ ወደ ልጅቱ ተጠጋ። «ልደውልለት? ሜዳው ላይ ትንሽ ገፋ ቢያደርገው ማን ያየዋል?»

«ከሰባ በላይ ከነዳ ዳግመኛ ከእኔ እጅ የስምሪት ወረቀት አያገኝም። ንገረው። አባቴ በሩጫ አሸነፍኩ ብሎ አያውቅም።»

«እሺ በቃ፣ አትቆጪ።»

ይህን ጊዜ ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነገ ሥራ አልገባም። አጎትሽን በመኪናዬ ከአየር ማረፊያ ልቀበላቸው?»

ጎሚስታው ዓይኑን ጨፈነ። አየር ማረፊያው ከከተማው ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ታክሲ ደግሞ ተሰልፎ ነው የሚገኘው።

«አንድ ጊዜ» አለችና ወደ ማድ ቤት ገባች። የአባቷን ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ገነጠለችና ጀርባው ላይ ጻፈች። በረራው ሦስት ከሃያ ይነሳል፣ አራት ከአምስት ያርፋል። ሻንጣ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ታክሲ ተሰልፎ ጠብቆ ከሆነ ስድስት ሰዓት ይሆናል። በፋርማሲስቱ መኪና ከሆነ አምስት ከሃያ። አውቶቡሱ አምስት ከሃያ መናኸሪያ ይገባል፤ ከዚያ እስከ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ። አምስት ተኩል።

ያው የድሮው ሂሳብ፤ አባቷ በአሥር ደቂቃ ይሸነፋል። ካርቶኑን ይዛ ቆማ ቀረች። «አይልፉ፣ እሱ ራሱ ይመጣል» ብትል ማንም አይወቅሳትም። አጎቷ ተቀበሉኝ አላለም። ነገ ሳሎኑ በደስታ ይሞላል፣ የአባቷ ስም ይነሳል። ያን ደስታ ግን እሷ በሐሰት የሠራችው ይሆናል። አባቷን ዋሾ ያሉት ሰዎች ያን ጊዜ ልክ ይሆናሉ፤ ማንም ባያውቅ እሷ ታውቃለች።

ተመልሳ ወጣች። «ቢሄዱልኝ ደስ ይለኛል። አራት ሰዓት ላይ እዚያ ይሁኑ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ!» አለ ጎሚስታው። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የእሱ። እሱ ቢኖር ራሱ ሄዶ ይቀበለው ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ መጣ። የመናኸሪያ ሰዎች ፊታቸውን አጥቁረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፤ ሁሉም ግን የግድግዳው ሰዓት የሚታይበት ወንበር ነው የመረጡት። የአጎቷ የሙያ ጓደኞች የሆኑት ሁለቱ የጥገና ባለሙያዎችም ከፔርሙሱ ቡና ቀድተው ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

ሦስት ከአሥር ላይ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ካለው ማረፊያ ተደወለ። አውቶቡሱ በሰዓቱ አልፏል። ግራው ረድፍ በረጅሙ ተነፈሰ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከሁለቱ ባለሙያዎች ወጣቱ ራሱን ረሳ። «አረፈ! በሠላሳ ስምንት ደቂቃ!»

«ነፋስ ነው የገፋው» አለ ጎሚስታው። «ነፋስ አይቆጠርም።»

«ለእናንተም ቁልቁለት አይቆጠርማ!»

«ዝም በሉ» አለች እናቷ። ድምፅዋ ውስጥ ግን የትናንቱ ቁጣ አልነበረም። ልጅቱ ማድ ቤት ገባች። ሰባት ደቂቃ ተጨማሪ አጥተዋል። ሰሌዳው ከሚለውም ይብሳል። ለቀስተኛው ያላነሳውን ብርጭቆ ሰበሰበች፣ የታጠበውን መልሳ አጠበች።

አራት ከሩብ ላይ ፋርማሲስቱ ደወለ። «አውሮፕላኑ ከአጥሩ ማዶ ይታየኛል። ቆሟል። ሰው ግን እየወረደ አይደለም።»

«ለምን?»

«ምን አውቄ። በሩ ተከፍቷል፤ ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመው ወደ ታች ያያሉ። ደረጃ የመጣላቸው አይመስለኝም።»

እጇ ላይ ያለው ሳሙና እየተንጠባጠበ ቆመች። ደረጃ። ከሰልፉ፣ ከሻንጣው፣ ከደረጃው። ስንት ጊዜ ሲለው ሰምታዋለች! እሷ ግን ያን ጊዜም ትናንትም ያሰላችው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ነው። የትኛውም ሰሌዳ ላይ ደረጃ የሚባል መስመር የለም። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በመስታወት እያየ የነዳውን መንገድ እሷ በእርሳስ ልታርመው ሞክራ ነበር።

አምስት ከሃያ ሆነ፤ አውቶቡሱ አልገባም። አምስት ከሃያ አምስት ሆነ፤ አልገባም። ከተማው መግቢያ ላይ አስፋልት እየተጠገነ በአንድ መስመር ነው የሚታለፈው ተባለ። ወንዶቹ አንድ በአንድ፣ ሲጋራ ሊያጨሱ እንደሚወጡ ሰዎች፣ ወደ ግቢው ወጡ። ሲጋራ የማያጨሱትም ወጡ። እናቷ ብቻ ቦታዋ ቀረች። «አንቺም ውጪ» አለቻት። «እኔ ከዚህ እሰማለሁ።»

አምስት ከአርባ ላይ የአጎቷ ሚስት ከመንገዱ መታጠፊያ ብቅ አለች። አጭር ናት፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ፈጠን ፈጠን ትላለች። ያን ሁሉ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ስታይ ልቧ ተነካ፤ ለሟች ክብር የወጡ መሰላት። ከበሩ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመችና ቦርሳዋን ጥላ ለቅሶዋን ጀመረች።

ጎሚስታው ሮጦ ደረሰ። «እትዬ! እባክዎ መጀመሪያ ይግቡ! ከደጃፉ ይግቡና ያልቅሱ!»

«ወንድሜን… ወንድሜን…»

«ይግቡልኝ እንጂ! ውስጥ ሆነው ያልቅሱ፣ እኔም አብሬዎት አለቅሳለሁ!»

ቦርሳውን አንስቶ ክንዷን ያዘ። ደጃፉን ስትረግጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ የሃያ ሰው ትንፋሽ። የግድግዳው ሰዓት አምስት ከአርባ አንድ ይላል። ልጅቱ አክስቷን አቅፋ ስታለቅስ የራሷ ትከሻ በለቅሶ ይሁን በሌላ ነገር እንደሚንቀጠቀጥ መለየት አልቻለችም። አክስቷ እናቷን አቅፋ አልቅሳ ተቀመጠች። ሻይ ተሰጣት።

አምስት ከአርባ ሰባት ላይ የፋርማሲስቱ መኪና ጥሩምባ ነፋ።

አጎቷ ገባ። ከሳ ብሏል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። እህቱን አቅፎ ብዙ አለቀሰ፤ የምር ለቅሶ ነበር፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ሚስቱን አያት፤ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አንቺ… መቼ ገባሽ?»

«አሁን ነው። ሻይዬም አልቀዘቀዘም።»

አጎቷ የግድግዳውን ሰዓት አየ። የግራውን ረድፍ አየ።

«ስንት ነው ልጄ?» አለች እናቷ ከጥጓ።

«ስድስት ደቂቃ፣ እማዬ።»

«ስድስት!» እናቷ አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ ሳቋ ግን በጣቶቿ መሃል አመለጠ። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

አጎቷ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ደረጃው» አለ። «ሃያ አምስት ደቂቃ በመስኮት ሳየው ነበር። ማዶ ቆሟል፤ ነጂ የለውም።» ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረ። «ያን ጊዜም እንደዚሁ ነበር።»

«ያን ጊዜ?»

«የእናቴ ሰፈር ስደርስ አውቶቡሱ ጥግ ላይ ቆሟል። ከራዲያተሩ ሥር ውሃ ተኝቷል፣ ትሪ የሚያህል። እኔ መካኒክ ነኝ ልጄ። ቆሜ ጠብታውን አየሁት። ያን ያህል ውሃ ለመጠራቀም ስምንት ደቂቃ ይፈልጋል። ምናልባትም ዘጠኝ።»

«ጋሼ… ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«በማግስቱ ልናገር ነበር። ሥራ ስገባ ጓደኞቼ ከበሩኝ፤ ‹አሸነፍኩት› አልኩ። ከዚያ ወር ሆነ፣ ከዚያ ዓመት። በኋላማ ቀልድ ሆነ። እሱም ይስቃል ብዬ…»

«አይስቅም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ተነሳ። ፊቱን ወደ መናኸሪያ ሰዎች አዙሮ ኮቱን ቆለፈ። «ስሙኝ። አማቼ በስምንት ደቂቃ ቀድሞኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሱ አንድም ቀን አልዋሸም።»

ጎሚስታው ሳያስበው አጨበጨበ፤ የት እንዳለ ትዝ ሲለው እጆቹን ጭኖቹ መሃል ደበቀ።

«አጨብጭቡ!» አለች እናቷ። ብድግ ብላለች። «ምን ታፍራላችሁ? ባሌ እኮ ነው ያሸነፈው!»

ጭብጨባው ግቢው ውስጥ ካሉት ጋር ተያይዞ እስከ መንገዱ ተሰማ። ሁለቱ የጥገና ባለሙያዎችም፣ መጀመሪያ በጣታቸው፣ ቀጥሎ በሙሉ መዳፋቸው አጨበጨቡ። ፋርማሲስቱ ምን እንደሆነ ሳይገባው ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። አክስቷ «ምን ተገኘ?» እያለች ዙሪያዋን ታያለች፤ ጎሚስታው «እትዬ፣ ታሪክ ሠርተዋል፣ ይጠጡ» ይላታል። ልጅቱ ማድ ቤት ገብታ ከካርቶኑ ጀርባ፣ ከበረራው በታች «ደረጃ፣ ሃያ አምስት» ብላ ጻፈች። ደመረች። በወረቀትም ገጠመ፤ አውቶቡሱ ይቀድማል።

በሰባተኛው ቀን አጎቷ የመመለሻ የአውሮፕላን ትኬቱን ኮቱ ኪስ ውስጥ እንደያዘ ከሚስቱ ጋር መናኸሪያ መጣ። ልጅቱ በዚያ ቀን ሥራ ገብታ ነበር፤ ጥቁር ለብሳ፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ። ሰዎች ሲያልፉ «የስምንት ደቂቃ ልጅ» ይሏታል፤ እንደ ማዕረግ ነው የሚጠሯት። አጎቷ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን የመስኮት ወንበር ያዘ። ረዳቱ ሞተሩን አስነስቶ በመስኮት እጁን ዘረጋ፤ የስምሪት ወረቀቱን ሰጠችው።

«ከሰባ በላይ እንዳትነዳ» አለችው።

«ማን አስተምሮኝ?» አለ።

በሩን ራሷ ዘጋችው። ከዚያ አባቷ ለጉዞ ሲነሳ ከውጭ ሆነው እንደሚያደርጉለት የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታችው፤ ሂድ ማለት ነው። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። መዳፏን ግን ከሞቀው ቆርቆሮ ላይ አላነሳችም። ከጎኑ አብራው ተራመደች፤ መጀመሪያ ቀስ እያለች፣ ቀጥላ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ቆርቆሮው በራሱ ጊዜ ከእጇ ሥር ተንሸራቶ እስኪያልቅ።